የአርባ አንድ ደቂቃ አደገኛ ሰው

ለተከበሩ የፍለጋ ድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት።

ጉዳዩ፦ አደገኛ ሰው ስላደረጋችሁኝ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ሳይታክቱ የሰውን ልጅ ጥያቄ ሁሉ የሚመልሱት ማሽኖችዎ ደህና ናቸው? እኔ ቁልፍ ቀራጭ ነኝ። አራት ሕንፃዎች ባሉት የመኖሪያ ግቢያችን ውስጥ፣ ከአንደኛው ሕንፃ ደረጃ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል፣ አንድ መቅረጫ ማሽን፣ አንድ ሞርሳና ሦስት ሞረዶች ይዤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። እርስዎ በአንድ ጠዋት የሚያስተናግዱትን ሰው እኔ ዕድሜ ልኬን ስለማላስተናግድ፣ ውድ ጊዜዎን መሻማቴን በትልቅነትዎ እንዲያልፉልኝ እለምናለሁ።

በዚያ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከሦስት ሰዓት ጥቂት አለፍ ብሎ፣ የፍለጋ ሞተርዎ በዓለም ላይ ባሉ ድረ ገጾች ሁሉ ሥር፣ አንዱንም ከአንዱ ሳይለይ፣ «ማስጠንቀቂያ፦ ይህ ገጽ ጉዳት ሊያደርስብዎ ይችላል» የሚል ቀይ ጽሑፍ ሲለጥፍ እንደነበረ ለእርስዎ ማስታወስ ድፍረት ይሆንብኛል። የሆስፒታሉ ገጽ አደገኛ ነበር፤ የሕፃናት ማቆያው አደገኛ ነበር፤ ነገ ይዘንብ እንደሆነ የሚናገረው ገጽ አደገኛ ነበር፤ እንደሰማሁት ከሆነ የራሳችሁ ድርጅት ገጽም ከራሱ እንድንጠነቀቅ ይመክረን ነበር፤ ለዚህኛው ቅንነቱ ያለኝ አድናቆት ከፍ ያለ ነው።

ቀትር ላይ ባወጣችሁት መግለጫ እንደተረዳሁት፣ አንድ ሠራተኛችሁ የተጠርጣሪ ገጾችን ዝርዝር ሲያስገባ አንድ መስመር ባዶ ትቶ ኖሮ፣ ማሽኑ ያንን ባዶ መስመር «ሁሉም» ማለት ነው ብሎ ተረዳው። ችግሩ በአርባ አንድ ደቂቃ ውስጥ መፈታቱንና ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ መጠየቃችሁን የሚገልጸውን ይህን መግለጫ ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ እኔ በሕይወቴ እንዲህ ያማረ ይቅርታ ተጠይቄ አላውቅም። ባለቤቴም ጮክ ብዬ ሳነብላት ሰምታ፣ «አንተም እንዲህ አድርገህ ይቅርታ ብትጠይቅ ኖሮ ስንት ጭቅጭቅ በቀረልን» ብላለች።

ነገሩ በዚያው ቢያበቃ ኖሮ ይህን ደብዳቤ ባልጻፍኩ ነበር። ስላላበቃ ግን፣ የምስጋናዬን ነጥቦች በቁጥር አድርጌ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ከሰው ስለ ቆጠራችሁኝ አመሰግናለሁ። የእኔ ድረ ገጽ፣ በማተሚያ ቤት የምትሠራው የእህቴ ልጅ ለልደቴ ብላ የሠራችልኝ አንዲት ገጽ ብቻ ናት። በላይዋ ላይ ያለው ስልክ ቁጥሬ፣ «ቁልፍ እንቀርጻለን፣ የተቆለፈ በር እንከፍታለን» የሚል አንድ መስመርና ሞረድ ይዤ የተነሳሁት ፎቶግራፍ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ ተጎብኝታለች፤ ከእነዚህም ሰባቱ ባለቤቴ ናት። በፎቶግራፉ ላይ ፊቴን ቋጥሬ ስለምታይ የሰው ስሜት ላይ ጉዳት ታደርሳለች ከተባለ አልከራከርም፤ ከዚያ ያለፈ ኃይል አላት ብሎ የገመተ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም አልነበረም።

ሁለተኛ፣ የሰዓት አመራረጣችሁን አደንቃለሁ። በሳምንቱ ካሉት ደቂቃዎች ሁሉ ለይታችሁ የያዛችሁት፣ የነዋሪዎች ኮሚቴያችን የአራቱን ሕንፃዎች የመግቢያ በር ቁልፎች ማን እንደሚቀይር ለመወሰን የተሰበሰበበትን ሰዓት ነበር። ያመለከትነው ሁለት ነን፤ አንዱ እኔ፣ ሌላው ቀለምም የሚቀባ፣ ቧንቧም የሚጠግን፣ ዲሽም የሚሰቅል በመሆኑ ሁለገቡ የምንለው ጎረቤቴ። ሊቀመንበሯ ዘመኑን የሚከታተሉ ሴት ናቸውና፣ ከመወሰናችን በፊት ሁለቱንም በኢንተርኔት እንመርምር አሉ። ጸሐፊው ደግሞ ዕድሜያቸውን በመዝገብ ቤት የጨረሱ፣ ወረቀት ላይ ያልሰፈረ ነገር ተፈጽሟል ብለው የማያምኑ፣ ልጃቸው መውለዷን በስልክ ስታበሥራቸው እንኳ «የልደት ምስክር ወረቀቱን ላኪልኝና ደስ ይለኛል» ያሉ ሰው ናቸው። የእኔን የሥራ ስም ጻፉ፤ ቀዩ ማስጠንቀቂያ ወጣ። የሁለገቡን ጻፉ፤ ሁለገቡ ድረ ገጽ የሚባል ነገር ኖሮት ስለማያውቅ ምንም አልወጣም። ቃለ ጉባኤው ቃል በቃል እንዲህ ይላል፦ «አንደኛው አመልካች ጉዳት ሊያደርሱ እንደሚችሉ ከታመነ ምንጭ የተረጋገጠ ሲሆን፣ በሁለተኛው አመልካች ላይ ምንም ዓይነት ማስጠንቀቂያ አልተገኘም።» የታመነው ምንጭ እርስዎ ነዎት፤ እንኳን ደስ አለዎት።

እዚህ ላይ፣ የኮሚቴው አባል የሆነው የአውቶቡስ ሹፌር እጁን አውጥቶ፣ «ኧረ ቆይ እስቲ፣ እኔም የኳስ ውጤት ስፈልግ ይኸው ይህንኑ ነው የሚለኝ» ብሎ ስልኩን ለማሳየት መሞከሩን ሳልጠቅስ ባልፍ ሰውየውን እበድለዋለሁ። ሊቀመንበሯ ኳስ በዕለቱ አጀንዳ ላይ እንዳልተያዘ ገልጸው ሐሳቡን በአክብሮት ዘግተውታል። ከዚያም ማስጠንቀቂያው የወጣበት ገጽ በሦስት ቅጂ ታተመ፤ ክብ ማኅተም ተመታበት፤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይም፣ ውኃ የሚጠፋባቸውን ቀናት ከሚዘረዝረው ወረቀትና ከጠፋችው ድመት ፎቶ መካከል ተለጠፈ። ድመቷ ከተገኘች ዓመት አልፏታል፤ በእኛ ሰሌዳ ላይ አንዴ የወጣ ነገር አይወርድም።

ሦስተኛ፣ ስለ መግለጫችሁ። ያንን ያማረ ይቅርታችሁን የእህቴ ልጅ ጥሩ ወረቀት ላይ አትማልኝ፣ ከማስጠንቀቂያው ጎን እንዲለጠፍልኝ ለጸሐፊው ወስጄ ነበር። በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ፣ ከላይ እስከ ታች አነበቡት፣ «ገቢ» የሚል ማኅተም መቱበትና በሚቀጥለው ወር ስብሰባ አጀንዳ ላይ እንደሚያዝልኝ ነገሩኝ። ማስጠንቀቂያው እኮ ውሸት መሆኑን ያወጣው ድርጅት ራሱ ተናግሯል ብዬ ብጠይቃቸው፣ «አንተ ልጅ፣ ድርጅቱ ተናግሯል፣ ኮሚቴው ግን ገና አልተናገረም» አሉኝ። እኔ የሃምሳ ሁለት ዓመት ሰው ነኝ፤ ልጅ መባሌን ግን በዚያ ሳምንት ከሰማሁት ሁሉ እንደ መልካም ቃል ቆጥሬዋለሁ።

የመግቢያ በሮቹን ሥራ ያገኘው ሁለገቡም የሁለተኛውን ሕንፃ ቁልፍ ገልብጦ ገጥሞት፣ ነዋሪው ሁለት ቀን ሙሉ ሲገባ እንደ ልቡ፣ ሲወጣ ግን በቁልፍ ሆኖ ነበር። ዙሪያውን ገልመጥ ገልመጥ አድርጎ መጥቶ እንዴት እንደሚቃና ጠይቆኛል፤ ነግሬዋለሁም። ክፉ ሰው አይደለም፤ አመስግኖኝ ሲያበቃ ግን እኔ ጋ መምጣቱን ለማንም እንዳልናገር አደራ አለኝ፤ ይኸው ለእርስዎ ብቻ ነገርኩ።

አራተኛ፣ ወደ ቁልፎቹ ልምጣ፤ ነገሩ ይረዝማልና ትዕግሥትዎን እለምናለሁ። የግቢያችን ሰው ትርፍ ቁልፉን እኔ ጋ ያስቀምጣል። ማንም ደንብ አውጥቶ አይደለም። መጀመሪያ ሹፌሩ በወር ሁለት ጊዜ ቁልፉን እየጣለ ቢያስቸግረኝ አንድ ቅጂ ግድግዳዬ ላይ ሰቀልኩለት፤ ያዩት ጎረቤቶቹ ተከተሉ፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ሰባ ሦስት ደረሰ። እያንዳንዱ ቁልፍ ከራሱ ሚስማር ላይ ይንጠለጠላል፤ እያንዳንዱም ቁጥር የተቀረጸበት ትንሽ ቆርቆሮ አለው። ቁጥሩ ግን የቤት ቁጥር አይደለም። የትኛው ቁጥር የማን ቤት እንደሆነ የሚያውቀው በደረት ኪሴ የምይዘው ደብተር ብቻ ነው፤ ሌባ ገብቶ ሁሉንም ቢጠራርግ እንኳ ሰባ ሦስት ብረት ታቅፎ እንዲቀር ብዬ ያበጀሁት ዘዴ ነው።

ከእነዚህ ቁልፎች አንዱ አዋላጅ የነበሩት የእማማ ነበር። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። የግቢውን ግማሽ ልጅ፣ የሊቀመንበሯን ሁለት ልጆች ጨምሮ፣ በእጃቸው የተቀበሉ፣ ዛሬ በሁለተኛው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው። አንድ ልጃቸው መንገድ ሥራ ላይ ስለሆነ ኑሮው ካምፕ ነው፤ በወር አንዴ ብቅ ካለ ነው። ክፍሌ በር ላይ ቆሜ ቀና ስል መስኮታቸው ይታየኛል። ስምምነታችን አጭር ነው፤ ጠዋት እስከ ሦስት ሰዓት መጋረጃቸውን ይከፍታሉ፣ ካልከፈቱ ቁልፉን ይዤ እወጣለሁ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ወጥቻለሁ። ሦስቱን ጊዜ እንቅልፍ ጥሏቸው አግኝቼ፣ ስድቤን ጠጥቼ ተመልሻለሁ፤ በአራተኛው ግን ትኩሳት አንደበታቸውን ይዞት ነበር፤ ያን ቀን ስላልሰደቡኝ ነው የደነገጥኩት።

ሰኞ ዕለት ኮሚቴው አንድ ፌስታል ይዞ መጣ። የተለጠፈውን ማስጠንቀቂያ ያነበቡ ነዋሪዎች ስጋት ስለገባቸው፣ ጉዳዬ እስኪጣራ ድረስ ቁልፎቹ በኮሚቴው እጅ እንዲቆዩ ተወስኗል። ጸሐፊው ሰባ ሦስቱንም አንድ በአንድ ቆጥረው ከእኔ ተረከቡ፤ ቆርቆሮዎቹን ግን የተጠርጣሪው የግል ንብረት ናቸው በማለት ከየቁልፉ ላይ አውልቀው፣ አስፈርመው መለሱልኝ። ደብተሩንም እንዲወስዱልኝ ብለምናቸው፣ የርክክብ ቅጹ ስለ ቁልፍ እንጂ ስለ ደብተር አይናገርም አሉ። «ጋሼ፣ ያለዚህ እኮ የቱ የማን እንደሆነ አታውቁም» ብላቸው፣ «ኮሚቴ ያውቃል» ብለው ፌስታሉን ቋጥረው ሄዱ። ለሌባ ያጠመድኩት ዘዴ በኮሚቴ ላይ ይሠራል ብዬ አልሜ አላውቅም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላምታው ከአንገት በላይ ሆነ። ዕቃዋን እኔ ጋ አስቀምጣ ሽንት ቤት ደርሳ የምትመለሰው ልብስ ሰፊዋ እንኳ ሁለት ከረጢቷን እየጎተተች በፊቴ ታልፋለች። አልፈረድኩባትም። ማኅተም ያለበት ወረቀት አንብባለች፤ እኔ ያለኝ ፊቴ ብቻ ነው፣ እሱም የተቋጠረ ነው።

አምስተኛ። ረቡዕ ሦስት ሰዓት መጋረጃው አልተከፈተም። ሦስት ከሩብም አልተከፈተም። የመሣሪያ ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ ጥዬ፣ ሦስቱን ፎቅ ሮጬ ወጥቼ የብረት በራቸውን ብቆረቁር፣ «መታጠቢያ ቤት ወድቄያለሁ፣ እግሬ አልታዘዘኝ አለ» የሚል ድምፅ ከውስጥ ሰማሁ። ጮኬ ሰው ጠራሁ። ጎረቤቱ ወጣ፤ ሹፌሩ አምቡላንስ ጠራ፤ ሊቀመንበሯ ደረሱ፤ ጸሐፊውም ፌስታላቸውን በሁለት እጃቸው ታቅፈው መጡ።

ያቺን ቁልፍ የቀረጽኳት እኔ ነኝ፤ ከሺህ ቁልፍ መካከል ጥርሷን አይቼ አውቃታለሁ። ፌስታሉን አንድ ጊዜ ልይ ብዬ ለመንኩ። ሊቀመንበሯ ጉዳዬ ገና በመጣራት ላይ ስለሆነ የነዋሪዎችን ቁልፍ ማየት እንደማይፈቀድልኝ፣ ይህም ለእኔው ደህንነት ሲባል እንደሆነ በትሕትና አስረዱኝ። እንግዲያው በመሣሪያ ልክፈተው፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅብኝም አልኩ። አንዲት ጎረቤት ለጓደኛዋ ድምጿን ቀንሳ፣ «አየሽ? ሁለት ደቂቃ ነው የሚበቃው» አለቻት። ብትቀንስም ሰማኋት።

ስለዚህ ጸሐፊው ቁልፎቹን ተራ በተራ ይሞክሩ ጀመር። አንዱን ያስገባሉ፣ ያዞራሉ፣ እንቢ ሲላቸው ያወጣሉ፣ ሁለት ጊዜ እንዳይሞከር ወደ ሌላ ፌስታል ይከታሉ፣ በወረቀታቸው ላይ አንድ ጭረት ይጭራሉ። የአምቡላንስ ባለሙያዎቹ መጥተው ቃሬዛቸውን ግድግዳ አስደግፈው ከእኛ ጋር ቆሙ። ወደ ሃያኛው ቁልፍ ገደማ እማማ ከውስጥ፣ «ቁልፍ ቀራጩ ልጄ የለም እንዴ? እሱ ይክፈትልኝ» አሉ። ሊቀመንበሯ ወደ በሩ ተጠግተው፣ «አይዞዎት እማማ፣ አስተማማኝ ሰዎች ይዘነዋል» አሏቸው። እማማ ደግመው ጠሩኝ። ከኋላዬ አንድ ሰው፣ «ደንግጠው ነው፣ የሚሉትን አያውቁትም» አለ። በሃምሳ ስምንተኛው ቁልፍ በሩ ተከፈተ። እማማ ከጠሩኝ ጀምሮ በሩ እስኪከፈት ሃምሳ ደቂቃ ሆኗል። ዳሌያቸው ተሰብሯል፤ እርጥብ ሊሾ ላይ ስለቆዩም ብርድ ሳንባቸውን መትቷቸው ሦስት ቀን በኦክስጅን ነው የተነፈሱት።

እኔ ይህን የምጽፈው እርስዎ ጣሏቸው ለማለት አይደለም፤ የጣላቸው ሳሙና ነው። የፌስታሉም ሐሳብ የእርስዎ አይደለም። የእርስዎ ድርሻ ያቺ ባዶ መስመር ብቻ ናት፤ የቀረውን እኛው ሞልተንበታል።

ስድስተኛው ነጥብ እርስዎን አይመለከትም፤ ተጽፎ እንዲቀመጥ ያህል ነው። በዚያ ደረጃ ላይ እጄን የያዘው ሰው አልነበረም። ሊቀመንበሯ ቁመታቸው ትከሻዬ ድረስ ነው፤ ጸሐፊው ቢገፏቸው የሚወድቁ ሽማግሌ ናቸው። አለፍ ብዬ፣ ተንበርክኬ፣ መሣሪያዬን አውጥቼ ልከፍተው እችል ነበር። ያልከፈትኩት፣ በሰው ሁሉ ፊት ያንን በር በሁለት ደቂቃ ከከፈትኩት፣ ወረቀቱ እውነት መሆኑን በገዛ እጄ የማረጋግጥላቸው መስሎኝ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የኮራሁበትን ሙያ ያን ጠዋት አፈርኩበት። እሳቸው ከውስጥ ሲጠሩኝ እኔ ቦርሳዬን ወደ ኋላዬ ደበቅሁት። ይህን ለባለቤቴም አልነገርኳትም።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ የምለምንዎት ነገር እጅግ ትንሽ ነው። ሰፊ ሥልጣን ያለዎት ሰው ስለሆኑ፣ ከብዙ ሺህ ሠራተኞችዎ አንዱን፣ ቢቻል መስመር ባዶ የተወውን፣ ወደ ግቢያችን ልከው ያችን አንዲት ወረቀት ከሰሌዳው ላይ ቢያስነሱልኝ ውለታዎን አልረሳም። ይህ ከደንባችሁ ጋር የሚጋጭ ከሆነ ግን አልጫንዎትም፤ በሚቀጥለው ወር ስብሰባ በአጀንዳ ሰባት፣ ከብስክሌት ማቆሚያው ቀጥሎ ጉዳዬ ይታያል ተብያለሁ።

የእርስዎን ጤና፣ የማሽኖችዎን ዕድሜ፣ የመግለጫ ጸሐፊዎን ብዕር ፈጣሪ ይጠብቅልኝ እያልኩ፣ ጊዜዎን ሰጥተው እስከዚህ ካነበቡ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ፣ ካላነበቡም እንደዚያው ጎንበስ እንዳልኩ የምሰናበትዎ፣

በእናንተ ዘንድ ለአርባ አንድ ደቂቃ፣ በግቢያችን ግን እስከ ተጨማሪ ውሳኔ ድረስ አደገኛ የሆንኩት፣

ታዛዥዎ ቁልፍ ቀራጩ

ግልባጭ፦
ለነዋሪዎች ኮሚቴ ጽሕፈት ቤት፣ ገቢ ተደርጎ እንዲቀመጥ
ለአውቶቡስ ሹፌሩ፣ ከምስጋና ጋር

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ትናንት እማማን ሆስፒታል ሄጄ ጠይቄያቸው ነበር። በራቸው ላይ ቆመን የተባባልነውን ሁሉ መሬት ላይ ሆነው ቃል በቃል ሰምተዋል። አልወቀሱኝም፤ ለምን እንዳልከፈትኩላቸውም አልጠየቁኝም፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ሐሙስ ይወጣሉ፤ ከእንግዲህ ያለ ምርኩዝ መሄድ የለም። ያን ቀን በሩን የከፈተውን ትርፍ ቁልፋቸውን ከትራሳቸው ሥር አውጥተው፣ «በል እንደ ድሮህ ያዝልኝ» ብለው ሲሰጡኝ፣ የሰው ቁልፍ ለመቀበል እጄ እንቢ ሲለኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ አስቤበት ሐሙስ እነግርዎታለሁ ብዬ ወጣሁ። የእርስዎ ድርጅት ሰው የጠፋበትን ሁሉ ፈልጎ የሚያገኝ ነውና፣ ለእሳቸው የምሰጠው መልስ ከእናንተ ዘንድ ከተገኘ እስከ ረቡዕ ማታ እንዲደርሰኝ ያድርጉልኝ፤ እኔ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት።